ሳይከፈት የሚነበብ ደብዳቤ፦ የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢዎች፣ የደንበኞች የአሰሳ ታሪክና ዒላማ ተኮር ማስታወቂያ

መግቢያ

በከምባታ ዞን የምትገኘው ሺንሺቾ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አነስተኛ ከተሞች ሁሉ፣ ኢንተርኔትን የምታገኘው በአብዛኛው በእጅ ስልክ ነው። ተማሪው የፈተና ውጤቱን የሚያየው፣ ነጋዴው የቡናና የዝንጅብል ዋጋ የሚያጣራው፣ እናት ውጭ አገር ካለ ልጇ ጋር የምትነጋገረው በሲም ካርድ በተገዛ የዳታ ጥቅል ነው። ሲም ካርዱ ደግሞ በባለቤቱ ስምና መታወቂያ የተመዘገበ ነው። በመሆኑም በመስመሩ የሚተላለፍ እያንዳንዱ የድረ ገጽ ጥያቄ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በሚያውቅ አንድ ድርጅት በኩል ያልፋል።

ከዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አቅራቢው ከደንበኛው እንቅስቃሴ ምን ያህሉን ያያል? ያየውን ለማስታወቂያ ገበያ ማዋል የሚቻለው እንዴት ነው? ሕጋችንስ ይህን እስከ ምን ድረስ ይገድባል? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የምስጠራ ቴክኖሎጂ መስፋፋት የመልእክቱን ይዘት ሸፍኗል፤ የጉዞውን መዳረሻ፣ ሰዓትና ቦታ ግን አልሸፈነም። እነዚህ ከስም ጋር ሲጣመሩ ከይዘቱ ያላነሰ ነገር ይናገራሉ። ስለዚህ የጥበቃው ማዕከል ሊሆን የሚገባው መረጃው ለምን ዓላማ እንደተሰበሰበና ለየትኛው ዓላማ እንደዋለ የሚጠይቀው የዓላማ ገደብ መርህ ነው።

ጽሑፉ በአገራችን ያሉ አቅራቢዎች የደንበኞቻቸውን የአሰሳ ታሪክ ለአስተዋዋቂዎች ይሸጣሉ የሚል ክስ አያቀርብም። የሚመረምረው ቴክኒካዊ አቅሙን፣ የንግድ ፍላጎቱንና የሕግ ገደቡን ነው።

አቅራቢው ምን ያያል?

አንድ ስልክ ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት የገጹን ስም ወደ ቁጥራዊ አድራሻ የሚቀይርለት ሰርቨር ይጠይቃል። ይህ አሠራር ዲኤንኤስ ይባላል። ተጠቃሚው ቅንብሩን ካልቀየረ በስተቀር የሚጠየቀው ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ የአቅራቢው የራሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዱካ የሚቀረው ገጹ ገና ሳይከፈት ነው።

ሁለተኛው ዱካ የሚቀረው ግንኙነቱ ሲጀመር ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ኤችቲቲፒኤስ በተባለው ምስጠራ ይሠራሉ። ምስጠራው በገጹ ውስጥ የተነበበውን፣ የተጻፈውንና የተፈለገውን ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ስልኩና ሰርቨሩ በሚተዋወቁበት የመጀመሪያ መልእክት ውስጥ የድረ ገጹ ስም ብዙውን ጊዜ በግልጽ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 የተባለው የምስጠራ ደረጃ ብዙ ነገር ቢያሻሽልም ይህን ክፍተት በራሱ አልዘጋም። ስሙንም ጭምር የሚሸፍነው ተጨማሪ ዘዴ በቅርብ ዓመታት የመጣ ሲሆን፣ እስካሁን በሁሉም ድረ ገጾችና ስልኮች ላይ አልዋለም።

ሦስተኛው ዱካ ከምስጠራው ውጭ የሚቀረው ነው፤ ይኸውም የመዳረሻው ቁጥራዊ አድራሻ፣ የተላለፈው የዳታ መጠን፣ ግንኙነቱ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ስልኩ የተገናኘበት የኔትወርክ ማማ ነው። የመተግበሪያዎች ሁኔታም ከዚህ አይለይም። አንድ መተግበሪያ ከየትኛው ሰርቨር ጋር በምን ያህል ድግግሞሽ እንደሚገናኝ ማወቅ መተግበሪያውን ለመለየት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ይህን በደብዳቤ መመሰል ይቻላል። ፖስታ አመላላሹ ፖስታውን አይከፍትም፤ ነገር ግን ከላይ የተጻፈውን አድራሻ ሳያነብ ሊያደርሰው አይችልም። ጥያቄው አድራሻውን ማንበቡ ላይ አይደለም። ያነበበውን በደብተር መዝግቦ፣ ደብተሩን ከላኪው ስም ጋር አያይዞ፣ በኋላም ለሦስተኛ ወገን ማቅረብ ይፈቀድለታል ወይ የሚለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ አቅራቢውን ከሌሎች ተከታታዮች የሚለይ አንድ ነጥብ አለ። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞች አንድን ቁጥራዊ አድራሻ በጋራ መጠቀማቸው የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት ድረ ገጹ የሚያየው የብዙ ሰዎችን የጋራ አድራሻ ሲሆን፣ ከዚያ አድራሻ ጀርባ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቀው አቅራቢው ነው። ጉግልና ፌስቡክም ተጠቃሚዎቻቸውን በስፋት ይከታተላሉ። ሆኖም ተጠቃሚው ከእነርሱ አካውንት መውጣት፣ ሌላ ስም መጠቀም ወይም አገልግሎታቸውን መተው ይችላል። ከአቅራቢው መስመር ውጭ ግን ኢንተርኔት የለም፤ ስሙም በመታወቂያ የተረጋገጠ ነው።

ከመዝገብ ወደ ማስታወቂያ

አቅራቢው የደንበኞቹን ትራፊክ የሚለይበት ሕጋዊ ምክንያት አለው። ሂሳብ ለማስላት፣ መጨናነቅን ለማቃለልና ጥቃትን ለመከላከል ያስፈልገዋል። ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚሸጥ የዳታ ጥቅል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ደንበኛው የገዛውን ጥቅል የተጠቀመው በተፈቀደለት መተግበሪያ መሆኑን ለማወቅ፣ ኔትወርኩ የትኛው ዳታ የየትኛው መተግበሪያ እንደሆነ መለየት አለበት። ይህን መለየት የሚያስችለው የቴክኖሎጂ ዘርፍ፣ ጥልቀት ያለውን ጨምሮ፣ የዳታ ፓኬት ፍተሻ ይባላል።

በዚህ ሕጋዊ አጠቃቀምና በማስታወቂያ ክትትል መካከል ያለው ቴክኒካዊ ርቀት አጭር ነው። ያው መለያ የሂሳብ ሥራው እንዳለቀ ቢሰረዝ የአገልግሎቱ አካል ሆኖ ይቀራል። ለወራት ተቀምጦ ከስም፣ ከዕድሜ፣ ከጾታና ከመኖሪያ አካባቢ ጋር ቢጣመር ግን የደንበኛው መገለጫ ይሆናል። መሣሪያው አልተቀየረም፤ የተቀየሩት የማቆያ ጊዜውና ዓላማው ናቸው።

መገለጫው ወደ ገንዘብ የሚለወጥባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ደንበኞችን በፍላጎታቸው ከፋፍሎ፣ አስተዋዋቂው ለመረጠው ክፍል አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ነው። በዚህ መንገድ የደንበኛው ስም ከአቅራቢው እጅ አይወጣም፤ መልእክቱ የደረሰው ሰው ግን በየትኛው ምድብ እንደተመደበ ሳያውቅ ይቀራል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ደንበኛ መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ ድረ ገጾችና የማስታወቂያ ድርጅቶች በዚያ ቁጥር እንዲያውቁት ማድረግ ነው። ሦስተኛው ስም የተነሣለት የጅምላ መረጃ መሸጥ ነው፤ ለምሳሌ በአንድ አካባቢ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል ሰው እንደሚገኝና ምን እንደሚጠቀም የሚያሳይ ዘገባ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ዒላማ ተኮር ማስታወቂያ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ስለ ዝንጅብል በሽታ መረጃ ለፈለገ አርሶ አደር ስለ ጤናማ ዘር የሚገልጽ መልእክት ቢደርሰው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ችግሩ የሚመጣው ምደባው ደንበኛው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ሲሆን፣ እንዲሁም ያው ዘዴ ለዘር ሻጩ እንደሚያገለግል ሁሉ ለደላላም ሊያገለግል በመቻሉ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ስጋት በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የቀረ አይደለም። በብሪታንያ ቢቲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ፎርም ከተባለ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ሆኖ የደንበኞቹን አሰሳ ሳያሳውቃቸው በሙከራ መልክ ተከታትሏል። ጉዳዩ በ2008 ይፋ ሲወጣ ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሣ፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2009 በብሪታንያ መንግሥት ላይ የሕግ ጥሰት ሂደት ጀመረ። በአሜሪካም ኔብዩአድ የተባለ ድርጅት ከአቅራቢዎች ጋር የጀመረው ተመሳሳይ ሥራ በዚያው በ2008 በምክር ቤት ጥያቄ ተነሥቶበት ተቋርጧል።

ቬራይዘን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተከተለው መንገድ የተለየ ነበር። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ደንበኞቹ በሞባይል በሚያስሱት ያልተመሰጠረ ትራፊክ ላይ የማይጠፋ መለያ ቁጥር ያክል ነበር። ደንበኛው በስልኩ ላይ ያሉትን የክትትል ፋይሎች ቢያጠፋም ቁጥሩ በኔትወርኩ ላይ ስለሚታከል ከእርሱ ቁጥጥር ውጭ ነበር። አሠራሩ በ2014 በሰፊው ታወቀ፤ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም በ2016 ኩባንያውን 1.35 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። ይኸው ኮሚሽን በዚያው ዓመት አቅራቢዎች የአሰሳ ታሪክን ለማስታወቂያ ከመጠቀማቸው በፊት የደንበኛውን ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ግን በሚያዝያ 2017 በምክር ቤቱ ውሳኔና በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ተሻረ።

ኤቲ ኤንድ ቲ በበኩሉ ግላዊነትን በዋጋ ተመነው። በአንዳንድ ከተሞች ባቀረበው ፈጣን የኢንተርኔት አገልግሎት፣ አሰሳው ለማስታወቂያ እንዳይውል የሚፈልግ ደንበኛ በወር ወደ 29 ዶላር ተጨማሪ ይከፍል ነበር። አሠራሩ በ2016 ቀርቷል። ያስነሣው ጥያቄ ግን ለድሃ አገር የበለጠ ይከብዳል፤ ግላዊነት የሚሸጥ ከሆነ መግዛት የማይችለው ምን ይሁን?

በጥቅምት 2021 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስድስት ታላላቅ አቅራቢዎችን መርምሮ ዘገባ አወጣ። ዘገባው አቅራቢዎቹ ደንበኞቻቸው ከሚገምቱት በላይ መረጃ እንደሚሰበስቡ፣ የአሰሳ መረጃን ከሌሎች አገልግሎቶቻቸው መረጃ ጋር እንደሚያጣምሩ፣ አንዳንዶቹም ሰዎችን ዘርን በመሳሰሉ ጥንቃቄ የሚሹ መለያዎች እንደሚመድቡ አመልክቷል። ከዚህ በተቃራኒ የአውሮፓ ኅብረት ከ2002 ጀምሮ ባወጣው መመሪያ፣ የግንኙነት ትራፊክ መረጃ ለአገልግሎቱ ሳያስፈልግ ሲቀር እንዲጠፋ ወይም ስሙ እንዲነሣለት፣ ለገበያ ሥራ የሚውለውም በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ከእነዚህ ልምዶች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አቅሙና የንግድ ጥቅሙ ባለበት ቦታ ሁሉ ሙከራው ተደርጓል፤ የገታውም የሕግ ቁጥጥርና የሕዝብ ዕውቀት ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ መቅረብ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመታት ያህል አቅራቢው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም። ሁለተኛው አቅራቢ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ።

ትራፊክን በጥልቀት የመለየት አቅም በኢትዮጵያ ኔትወርክ ላይ መኖሩ ከአሥር ዓመት በፊት የታወቀ ነው። የቶር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 የራሱ የማንነት መሸሸጊያ አገልግሎት በኢትዮጵያ በጥልቅ የፓኬት ፍተሻ እንደታገደ አስታውቆ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎችም በመጋቢት 2014 ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ የጸጥታ አካላት የደንበኞችን የጥሪ መዝገብ ያለ በቂ የሕግ ቁጥጥር ማግኘት ይችሉ እንደነበር ገልጿል። እነዚህ ሁለቱ የሚመለከቱት የመንግሥትን ክትትል ነው፤ ስለ ማስታወቂያ አይናገሩም። ለርእሳችን ያላቸው ጠቀሜታ አንድ ነው፦ ለአንድ ዓላማ የተተከለ መሣሪያ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል የሚከለክለው የመሣሪያው ባሕርይ ሳይሆን በላዩ ላይ የተጣለው ገደብ መሆኑን ያሳያሉ።

በኢትዮጵያ ገበያ ሌላም ልዩ ነገር አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። የ2016 በጀት ዓመት ሲጠናቀቅ ድርጅቱ ከ78 ሚሊዮን በላይ የቴሌኮም ደንበኞችና ከ47 ሚሊዮን በላይ የቴሌብር ተጠቃሚዎች እንዳሉት አስታውቋል። ሳፋሪኮምም ኤም ፔሳን በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አስገብቷል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን ጀመረ። ብድሩ የንብረት ዋስትና አይጠይቅም፤ በምትኩ የደንበኛው የአገልግሎት አጠቃቀም ታሪክ ይታያል።

ይህ አገልግሎት የባንክ ደጃፍ ረግጠው ለማያውቁ ብዙዎች በር ከፍቷል። በሌላ በኩል ግን የጥሪ መዝገብ፣ የገንዘብ እንቅስቃሴና የአሰሳ ዱካ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበትን ሁኔታ ፈጥሯል። አሜሪካዊው አቅራቢ ይህን ዓይነት መገለጫ ለማሟላት ከሌሎች ድርጅቶች መረጃ ይገዛ ነበር። የእኛ አቅራቢዎች ግን ሦስቱንም በራሳቸው እጅ ይዘዋል። በመካከላቸው ያለውን ግድግዳ ሊያቆም የሚችለው የውስጥ አሠራርና ሕግ ብቻ ነው።

በሺንሺቾ ለምን ይከብዳል?

አንድ ሰው በአዲስ አበባ ሲከታተሉትና በሺንሺቾ ሲከታተሉት ውጤቱ እኩል አይደለም። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የሕዝብ ብዛት ነው። ስም የተነሣለት መረጃ ሰውን የሚሸሽገው ብዙ ሰው ባለበት ነው። በአንድ የኔትወርክ ማማ ሥር በተወሰነ ሌሊት ከሆስፒታል ጋር የተያያዘ ገጽ የከፈቱት ሦስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑ፣ ስማቸው ባይጻፍም ማንነታቸውን መገመት ከባድ አይሆንም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው ጎረቤቱን በአካሄዱ ይለያል። በመዝገብ ላይ የሰፈረ የሰዓትና የቦታ ምልክትም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው የስልክ አያያዝ ነው። ስልክ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የአንድ ሰው ብቻ ንብረት አይደለም። ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ያጠናል፤ ባል የሚስቱን ይመልሳል፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ሱቅ ይቀመጣል። በዚህ ሁኔታ በፍላጎት ተመርጦ የሚላክ የጽሑፍ መልእክት በራሱ ምስጢር አውጪ ሊሆን ይችላል። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ወይም ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት በድብቅ ያነበበች ሴት፣ በማግሥቱ በስልኳ ላይ ተመሳሳይ ማስታወቂያ ብቅ ቢል መጀመሪያ የሚያየው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የመረጃ ሽያጭ ሳይፈጸም፣ አንድም ሰው ከአቅራቢው መዝገብ ሳያይ ጉዳቱ ይደርሳል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ስደት ነው። ከሀዲያና ከከምባታ አካባቢዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ጉዞ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ነው። ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጠው ይጓዛሉ። በመንገዱ ላይ የሚደርሰው አደጋ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ኢትዮጵያውያን መሆናቸው የተገለጸ 64 ስደተኞች በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በጥቅምት 2022 ደግሞ በማላዊ ምዚምባ አካባቢ የኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ አስከሬኖች በጅምላ ተቀብረው ተገኝተዋል።

እንበልና በሺንሺቾ የሚኖር የ20 ዓመት ወጣት ለሁለት ሳምንት ያህል ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የኤምባሲ ድረ ገጽ፣ የራንድ ምንዛሪ የሚያሳይ ገጽ፣ ስለ ድንበር መሻገሪያዎች የሚያወራ መድረክ ይከፍታል። አንድም መልእክቱ አልተነበበም፤ ይዘቱ ሁሉ ተመስጥሯል። ሆኖም የመዳረሻዎቹ ዝርዝር ብቻ ወጣቱ ምን እያሰበ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ለወላጆቹ ገና አልነገራቸውም ይሆናል። በማስታወቂያ ቋንቋ ግን እርሱ የውጭ ጉዞ ፈላጊ ከሚባለው ምድብ ውስጥ የገባ ደንበኛ ነው። ለዚያ ምድብ መልእክት ለማስተላለፍ የሚከፍለው ሕጋዊ የጉዞ ወኪል ወይም የቋንቋ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። የሥራና የጉዞ አመቻች መስሎ የቀረበ ደላላም ሊሆን ይችላል። ደላላ እስከ ዛሬ መንገደኛ የሚያገኘው በዘመድ፣ በጎረቤትና በወሬ ነው። ማቅማማት ላይ ያለን ሰው፣ ማቅማማቱ ገና ሳይወሰን፣ በስልኩ ማግኘት መቻል ለእርሱ የማይገኝ ዕድል ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበርና መጠበቅ ደንግጓል። ጥበቃው በፖስታ የሚላኩ ደብዳቤዎችን ብቻ ሳይሆን በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችንም ይጨምራል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ሲሆን፣ ምክንያቶቹም ብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን መከላከል፣ ጤና፣ የሕዝብ ሞራልና የሌሎች መብት ናቸው። የንግድ ትርፍ ከእነዚህ መካከል የለም። ድንጋጌው በቀጥታ የሚናገረው ለመንግሥት ባለሥልጣናት መሆኑ ለግል ኩባንያዎች አከራካሪ ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ ግን የሌሎችን ሕጎች ትርጓሜ የሚመራ መሆኑ አያከራክርም።

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ዘርፉን እንዲቆጣጠርና የደንበኞችን መብት እንዲያስጠብቅ ኃላፊነት ሰጥቶታል። ከዚህ በኋላ የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለርእሳችን ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥ የመጀመሪያው ጠቅላላ ሕግ ነው። የአዋጁ ተቆጣጣሪም ይኸው ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የግል መረጃ በሕጋዊ መሠረት ላይ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ለተገለጸ ዓላማ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይጠይቃል። ለሰውየውም ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ የማስተካከል፣ የማሰረዝና አጠቃቀሙን የመቃወም መብት ይሰጣል። ጤናንና እምነትን የመሳሰሉ ጥንቃቄ የሚሹ መረጃዎች ደግሞ የላቀ ጥበቃ ተደርጎላቸዋል።

እነዚህን መርሆች ወደ አሰሳ ታሪክ ስናመጣቸው አንድ የትርጓሜ ጥያቄ ይነሣል። የድረ ገጽ ስም ዝርዝር በራሱ ስለ ጤና ወይም ስለ እምነት መረጃ ነውን? በመልኩ አይደለም፤ የስምና የሰዓት ዝርዝር ነው። ነገር ግን በየእሑዱ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የቀጥታ ስርጭት የሚከፈትበት ስልክ የባለቤቱን እምነት ይናገራል። የሕክምና ገጽ በተደጋጋሚ የተከፈተበትም እንዲሁ። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት፣ ከዝርዝሩ የሚገኘው ግምት ጥንቃቄ የሚሻ ከሆነ ዝርዝሩም እንደዚያው መታየት አለበት። አለዚያ ሕጉ በፊት ለፊት በር የከለከለውን በጓሮ በር ይፈቅዳል።

ምን ሊደረግ ይችላል?

ቴክኒካዊ መፍትሔዎች አሉ፤ ገደባቸው ግን መታወቅ አለበት። የስልክን የዲኤንኤስ ቅንብር ወደ ተመሰጠረ አገልግሎት መቀየር የመጀመሪያውን ዱካ ይቀንሳል፤ ሌሎቹን አይነካም። ቪፒኤን መዳረሻውን ከአቅራቢው ይሸፍናል፤ ነገር ግን ያንኑ ዕይታ ለቪፒኤኑ ባለቤት ያሻግራል። ኦናቮ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው ይህ ቪፒኤን ለግላዊነት ጥበቃ ተብሎ ሲቀርብ፣ የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ ለኩባንያው የገበያ ጥናት ይሰበስብ ነበር፤ በ2018ም ከአፕል የመተግበሪያ መደብር ወጥቷል። ከዚህም በላይ፣ በቅድመ ክፍያ ዳታ እየቆጠረ የሚጠቀም ደንበኛ ራሱን በቴክኖሎጂ እንዲጠብቅ መጠበቅ ኃላፊነቱን አቅም ለሌለው ማሸከም ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ የአቅራቢዎችና የተቆጣጣሪው ነው። አንደኛ፣ ለማስታወቂያ የሚሰጥ ፈቃድ ሲም ካርድ ለማውጣት ከሚፈረመው ውል ተለይቶ መቅረብ አለበት። አገልግሎቱን ለማግኘት የግድ የሚፈረም ፈቃድ ነፃ ፈቃድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ደንበኛው በሚረዳው ቋንቋ ይሁን፤ ለሺንሺቾ ነዋሪ በከምባትሳ፣ ለሆሳዕና ነዋሪ በሀዲይሳ፣ ማንበብ ለማይችልም በድምፅ። ሦስተኛ፣ አቅራቢዎች የዲኤንኤስና የትራፊክ መለያ መዝገብ ለስንት ቀን እንደሚያቆዩ በይፋ ይግለጹ። አራተኛ፣ በቴሌኮም መዝገብና በሞባይል ገንዘብ መዝገብ መካከል የሚደረግ ማጣመር በተቆጣጣሪው አስቀድሞ ይመርመር። አምስተኛ፣ ከጤና፣ ከእምነትና ከስደት ጋር የተያያዙ ምድቦች በፈቃድም ቢሆን ለማስታወቂያ ሽያጭ እንዳይቀርቡ ይከልከል።

ለተመራማሪውም ሥራ አለ። አዋጁ የሰጠው የራስን መረጃ የማየት መብት የምርምር መሣሪያም ነው። ፈቃደኛ የሆኑ ደንበኞች ከአቅራቢያቸው መረጃቸውን በጽሑፍ ጠይቀው፣ ምላሹ በስንት ጊዜ እንደመጣ፣ የአሰሳ ዱካን እንደጨመረና በምን ቋንቋ እንደቀረበ ማጥናት ይቻላል። በራስ ስልክ ላይ የሚወጣውንና የሚገባውን ትራፊክ መዝግቦ፣ የትኞቹ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች መዳረሻቸውን በግልጽ እንደሚልኩ መለካትም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሁለቱም ከአንድ የማስተርስ ጥናት አቅም በላይ አይደሉም።

ማጠቃለያ

ምስጠራ ደብዳቤውን አሽጎታል፤ በፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ግን ገና ይነበባል። በአገራችን አድራሻውን የሚያነበው ድርጅት የላኪውን ስም፣ ቦታና የገንዘብ እንቅስቃሴም ስለሚያውቅ፣ ይዘቱ አልታየም የሚለው ማረጋገጫ በቂ ጥበቃ አይሆንም። ሕጉ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የዓላማ ገደብ መርሁም በውስጡ አለ። የቀረው መርሁ በሲም ካርድ መሸጫው ጠረጴዛ ላይ ምን መልክ እንዳለው መወሰን ነው። ይህ ውሳኔ የሚከብደው የማስታወቂያ ገበያው ካደገና መዝገቡ ዋጋ ካወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ በሺንሺቾ ያለው ወጣት ምን እያሰበ እንደሆነ ለቤተሰቡ ከመንገሩ በፊት ለማን እንደሚነገር የሚወስነው ደንብ አሁን ሊጻፍ ይገባዋል።